ጳጉሜን የማያውቅ ባሕር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ግን በዳር ውኃ ከተማ መስከረም ራሱ ጉድ ሆኖ፣ አምስት ቀን ቀድሞ ጠባ።

ዕለቱ ጳጉሜን አንድ ነበር። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው የሩዝ ሜዳ ላይ ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ገበያው መካከል የቆመው፣ የሩቅ ባሕሮችን ወሬ የሚጽፈው ትልቁ የባሕር ሰሌዳ በቢጫ አበባ ተከቦ፣ «እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ! መስከረም ፩» ይላል። ቀኑን ከሰሌዳው የሚወስደው፣ በራሱ የሚነዳው የወረታ አውቶቡስ የበዓል ቀን ነው ብሎ ከመናኸሪያው ንቅንቅ አልልም አለ። ዳቦ ቤቱ ማንም ሳያዘው ድፎ ዳቦ ጋግሮ ጠበቀ። የወፍጮ ቤቱ በር እህል ተሸክመው ለመጡት ሴቶች «ከበዓል በኋላ ይመለሱ» አላቸውና ሴቶቹ ጆንያቸውን አውርደው፣ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

«ይኸ ሰሌዳ ዶሮ ወጥ ሸቶት ነው!» አለች አንዷ።

«ተይው፣ እኛን በአንድ ጀምበር አንድ ዓመት አስረጅቶናል፤ እሱ ምን አለበት!» አለች ሌላዋ።

አብራቸው ከሳቁት መካከል ሄራን ደምሌ ነበረች። ሄራን ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የዛሬ ልጆች ስሟን ሲሰሙ ምን ዓይነት የጥንት ስም ነው ብለው ይገረማሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሄራን፣ ሶሊያና፣ ናታን የተባሉት ሁሉ ዛሬ ምርኩዝ ይዘዋል፤ በየሕፃናት መዋያው የሚራወጡት ጎበዜና አጥናፍ፣ ውዴና እንግዳዬ ናቸው። ሄራን የከተማዋ ባሕር ነጋሪ ናት። ሥራዋ ሰሌዳው በቁጥር የሚጽፈውን በሰው አፍ ማውራት ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርታዋለች። ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

በዳር ውኃ ባሕር ያየ ማንም የለም። ይሁንና ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ «ባሕሩ እንዴት አደረ?» ይባባላሉ፤ «ይመስገን፣ ቀዝቀዝ ብሏል» ይመላለሳሉ። ከዓለም ማዶ ያለው ታላቁ ውቅያኖስ ወገቡ ላይ ሲሞቅ «ልጁ መጣ» ይላሉ። ልጁ በመጣበት ዓመት ክረምቱ ይሰስታል፤ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ጠጠራቸውን አስጥተው ይከርማሉ። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «ልጅቱ መጣች» ነው። ልጅቱ እጇ ለጋስ ነው፤ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። የሕንድ ውቅያኖስን «ሚዛኑ» ብለውታል፤ ሙቀቱ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ሲያጋድል ጥቅምት ላይ፣ ታጭዶ በተከመረ ሩዝ ላይ ይዘንባል። በምድር ወገብ ዙሪያ ደመና ተሸክሞ በየአርባና በየአምሳ ቀኑ የሚያልፈው ደግሞ «መንገደኛው» ነው። ሠርግ የሚቆረጠው፣ ተዝካር የሚደገሰው፣ ጣራ የሚከደነው እነዚህ አራቱ ተጠይቀው ነው። ልጅቱና መንገደኛው ይገናኛሉ በተባለ ዕለት ከተማዋ ጓዟን ሸክፋ ሩፋኤል ጉብታ ላይ ትወጣለች፤ ውኃው ሲጎድል ትመለሳለች። ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ቀርቷል። ቀና የሚል ሰው ከተገኘ አንገቱን ያመመው ይመስላቸዋል።

በዚያ ክረምት ልጅቱ በርትታ ነበር። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሰሌዳው፣ «መስከረም ፫ ቀን መንገደኛው ይደርሳል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ወር ዝናብ ይወርዳል። እርግጠኛነት ዘጠና ሰባት በመቶ። እስከ መስከረም ፪ ማታ ሜዳውን ልቀቁ» ብሎ ጻፈ። መውጣቱን የሚመራው እድሩ ነው። እድሩም ተሰብስቦ፣ እንቁጣጣሽን በየቤታችን ውለን በማግሥቱ እንወጣለን ሲል ወሰነ። ሁሉም እሺ አለ፤ በበዓል ቀን አልጋ መሸከም ማን ይወዳል?

ጳጉሜን አንድ ረፋዱ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው የሰሌዳውን ቀን አስተካከለ። ቢጫው አበባ ጠፋ፣ «ጳጉሜን ፩» የሚል ተጻፈ፣ አውቶቡሱም ተነሥቶ ወረታ ሄደ። ከሥር የነበረው ማስጠንቀቂያ እንዳለ ቀረ፤ መስከረም ፫ ይላል። ሰው ስቆ ስቆ ወደየሥራው ተበተነ።

ሄራን ቤቷ ገብታ የበዓሉን ጠላ ነገር ማሰብ ጀመረች። ጥንስሱ ደርሷል። ድፍድፉ መቼ ቢሆን ለበዓሉ ደህና አድርጎ እንደሚጠራ ለማወቅ፣ እንደ ልማዷ በአውራ ጣቷ ሌሎቹን ጣቶቿን እየነካች ቆጠረች።

«ዛሬ ጳጉሜን አንድ። ነገ ሁለት። ከነገ ወዲያ ሦስት፣ ሩፋኤል…»

አውራ ጣቷ ሦስተኛዋ ጣት ላይ ቆመች።

ሰሌዳው ዛሬን መስከረም አንድ ብሎት ነበር። ለምን? ነሐሴ ሠላሳ ሲያልቅ መስከረም ነው የሚመጣ ብሎ ስላሰበ ነዋ። ሰሌዳውን የሚመግበው አዲሱ ስሌት የመጣው ከውጭ አገር፣ ባለፈው ሐምሌ ነው፤ ጳጉሜንን ሲያገኛት የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ታዲያ ዛሬን መስከረም አንድ ያለ፣ መስከረም ሦስት የሚለው የትኛውን ቀን ነው?

ጥንስሱን እንደ ነበረ ከድና፣ ሰሌዳውን ለሚጽፈው መሥሪያ ቤት ደወለች።

«የሩቅ ባሕሮች መሥሪያ ቤት ነው» አለ ደስ የሚል የተቀዳ ድምፅ። «በአዲሱ ዓመት በዓል ምክንያት ዝግ ነን። መልካም እንቁጣጣሽ!» ቀጥሎም የልጆች ዘፈን አሰማት። ሰሌዳውን ያስተካከለው ሰው ስልኩን አላስታወሰውም ማለት ነው። ሄራን ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቃ እንዲህ የሚል መልእክት ተወች፦ «ልጄ፣ ማንም ሁን ማን፣ ጳጉሜንን ዘላችኋታል። ሄራን ነኝ፣ ከዳር ውኃ። ቶሎ ደውልልኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተደወለላት።

«እማማ፣ ጎበዜ እባላለሁ፤ ተረኛ ነኝ። መልእክትዎን ሰማሁት። ችግሩ እኮ ትናንት ተፈቷል፤ የሰሌዳው ቀን ተስተካክሏል።»

«ፊቱን አጠባችሁት። ሆዱንስ አያችሁለት?»

«ስሌቱ እንከን የለውም፣ እማማ። በአርባ አገር ተፈትኖ ያለፈ ነው።»

«በአርባው አገር ዓመቱ ስንት ወር ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እኛ ዘንድስ?»

ጎበዜ ስሌቱን ከፍቶ ሲነካካ ሄራን በስልኩ ሰማች።

«እማማ» አለ፤ ድምፁ የመሥሪያ ቤት ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የልጅ ሆነ። «ስሌቱ ራሱ የወር ስም አያውቅም። ቀን ብቻ ነው የሚቆጥረው። መንገደኛው ከነሐሴ ሠላሳ በኋላ በሦስተኛው ቀን እናንተ ዘንድ ይደርሳል ይላል። ለቀኑ ስም የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ከነሐሴ ቀጥሎ የሚያውቀው መስከረምን ነው።»

«ሦስተኛው ቀን ነገ ነው።»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያው ሰሌዳው ላይ ጻፈዋ!»

«አልችልም። ማስጠንቀቂያ ለመለወጥ የሦስት ኃላፊዎች ፊርማ ያስፈልጋል። ሁለቱ ለበዓል ወደ አገራቸው በመንገድ ላይ ናቸው። እየደወልኩላቸው ነው። በመካከሉ የሜዳውን ከተሞች ነጋሪዎች አንድ በአንድ በስልክ እነግራለሁ።»

«ጎበዜ፣ አንተ እዚህ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እወጣ ነበር፣ እማማ። አልጋዬን ተሸክሜ እወጣ ነበር።»

ሄራን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እድሩ ግቢ ገሰገሰች። እዚያ ወንዶቹ የድንኳኑን አቧራ እያራገፉ፣ ሴቶቹ ድስት እየፈተጉ ነበር። መካከላቸው የእድሩ ዳኛ ናታን ሙላው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ናታን ከሄራን በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ልጅ ሆነው አንድ ክፍል ተምረዋል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው እምነት ግን በታቦት ላይ ካለው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«አያ ናታን፣ ዛሬውኑ መውጣት አለብን» አለችው። የጎበዜን ነገር ከራስ እስከ ግርጌ አስረዳችው። በዙሪያው የነበረ ሰው እጁን ከሥራ ሰብስቦ አዳመጠ።

ናታን ነገሯን አስጨርሶ፣ «ሰሌዳው ምን ይላል?» አላት።

«ሰሌዳው ተሳስቷል እያልኩህ!»

«እታለም፣ ጥቅምት ሰባ ስምንትን ረሳሽው እንዴ?»

ማንም አልረሳውም። በዚያ ጥቅምት ሰሌዳው ዝም ብሎ ሳለ ሄራን በራሷ ንባብ ሚዛኑ አጋድሏልና ውጡ ብላ ከተማዋን ሙሉ ጉብታው ላይ አውጥታ ነበር። ዕለቱ የናታን ልጅ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ ጉብታው ላይ ተተከለ። አራት ቀን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። ፀሐዩ ወጡን አበላሸው፣ ነፋሱ ድንኳኑን ቀደደው፣ የሙሽራዋ ቬሎ ቁልቋል ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ በዳር ውኃ ሰው በከንቱ ሲቸኩል «ምነው፣ ሄራን ውጡ አለችህ?» ይሉታል።

«አልረሳሁትም» አለች ሄራን። «ያኔ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ ጠይቄሃለሁ፤ ዛሬም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እጠይቅሃለሁ። የነገው ውኃ ግን ይቅርታ አይጠይቅም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው ሜዳው ላይ ያለው፣ አያ ናታን።»

«ሰሌዳው ይበለው። ሰሌዳው ካለ ይቺን ሰዓት እወጣለሁ። ሰው በአንድ ተረኛ ልጅ ወሬ በበዓል ዋዜማ ቤቱን አይፈታም።»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ፤ ከናታን ጋር ነው የተነቀነቀው። ሄራን ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ከወደ ድስቶቹ በኩል ሳል ተሰማ። ጉብታው ላይ ያለው የሩፋኤል ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ለንግሥ ድስት ሊዋሱ መጥተው፣ አንዱን ጎላ አቅፈው እንደ ቆሙ ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ጎላውን መሬት አስቀምጠው በጣታቸው አንጓ ላይ ቆጠሩ፤ አንዴ ቆጠሩ፣ ደገሙት።

«ልክ ናት» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ባሕሩን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ባሕረ ሐሳቡን ግን አልተማሩም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የደብሩ የዘመን ቁጥር ከውቅያኖስ ጋር እንዲህ ሲነካካ ማን ሰምቶ ያውቃል? ናታን ራሱ ጢሙን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሄራን ሳቁን አየችና፣ ይህ ሕዝብ በቁጥር እንደማይወጣ፣ በሳቅ ግን ሊወጣ እንደሚችል ገባት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል አይደል የሚባለው? እያሳሳቁ ከውኃ ማውጣትስ ለምን አይቻልም?

«መሪጌታ» አለች፣ ነገር እንዳላወቀች ሆና፣ «ነገ የሩፋኤል ንግሥ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ግን ማን ይመጣል? ካቻምናም አምናም ልጁ ተከታትሎ ጳጉሜን ደረቀች። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ ጸበሉ ሲቀር ሰውም ቀረ። አምና ከካህናቱ በቀር አሥራ አንድ ሰው ነው የቆጠርኩት። ልጆቹ እንኳ ራቁታቸውን ወጥተው አሳድገኝ የሚሉትን ረስተውታል።»

«ነውር ነው!» አለች ሄራን። «በሉ እንግዲያው ነገ ሁላችንም እናንግሥ። ድንኳኑም ይውጣ፣ ድስቱም ይውጣ፣ ከብቱም ይረጭ፤ የታመመ ካለ በቃሬዛ ይምጣ። ንግሥ ለመሄድ የሰሌዳ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ፣ አያ ናታን?»

ናታንም የልጅ ልጆች አሉት፣ ላሞች አሉት፣ ከጉማራ ዳር አሥራ ሁለት የንብ ቀፎ አለው። ሞኝ ሰው አይደለም። ቃሉን ማጠፍ ግን ሞቱ ነው።

«ለንግሥ ከሆነ…» አለ።

«ለንግሥ ነው።»

«ለዝናብ አይደለም።»

«ዝናብ የሚል ቃል ማን ተናገረ?»

«ጸሐፊ! በቃለ ጉባኤ ያዝልኝ። እድሩ የሚወጣው ለሩፋኤል ነው፤ ለሄራን አይደለም።»

ጸሐፊው ያዘ። ሄራን ከሰዉ ጋር አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ከንክኗታል። ሠላሳ ዓመት ነግራ ነግራ፣ ሕይወታቸውን ልታድን ስትለምናቸው እንኳ በስሟ አይወጡም። ይሁን፣ ብቻ ይውጡ አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ለነገው ንግሥ መውጣቱ ተጀመረ፤ እንዲህ ያለ ንግሥ ግን ታይቶ አይታወቅም። አንዱ ቁም ሣጥን በጀርባው አዝሎ፣ «ለታቦቱ ክብር ነው» እያለ ወጣ። አንዷ ሰባት ዶሮ በቅርጫት፣ ስምንተኛውን በብብቷ ይዛ፣ ሊረጩልኝ ነው አለች። ፍራሽ ወጣ፣ የሩዝ ዘር ወጣ፣ የልብስ ስፌት መኪና ወጣ። አንድ ሽማግሌ የጣራውን ቆርቆሮ ግማሽ ነቅሎ ተሸክሞ ስለ ሩፋኤል ተአምር ሲተርክ ተሰማ። የሁሉም ከንፈር ላይ ፈገግታ እያለ ዓይናቸው የቤታቸውን ግድግዳ ይሰናበት ነበር። ዝናብ የሚለውን ቃል ግን አንድም ሰው አላነሣም፤ የጋራ ምስጢር እንደ ያዙ ልጆች ተያይተው ያልፋሉ።

ናታን መጨረሻ ላይ ብቅ አለ። ቀፎዎቹን በጋሪ አስጭኖ፣ የቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ በትከሻው ተሸክሟል።

«አያ ናታን፣ ለንግሥ በር?» አለችው ሄራን።

«ነፋስ ይከልልኛል» አላት፣ ሳያያት።

የሩፋኤል ዕለት ጠዋት ሄራን ቤት ለቤት ዞረች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም በሮች፣ በር የሌለውንም የናታንን ቤት፣ አንድ በአንድ ተጣራች። የመለሰላት የለም። አራት ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ስትደርስ ታቦቱ ወጥቶ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ሕዝቡ እልል እያለ ነበር።

ሰማዩ ግን የሚገርም ሰማያዊ ነው። የደመና ፍንጣቂ የለበትም።

እኩለ ቀን ሆነ። ታቦቱ ገባ፣ ምሳ ተበላ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰባት ሰዓት። ስምንት ሰዓት። ሰው ድንኳን ጥላ ሥር ተጠግቶ ማላብ ጀመረ። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀዘቀዘ፤ በምትኩ ሹክሹክታ መጣ፤ ከሹክሹክታውም መካከል «ሰባ ስምንት» የሚል ቁጥር ሄራን ጆሮ ገባ። ናታን በሩን ደገፍ ብሎ ወደ እሷ አያይም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ሄራን ፈራች። የፈራችው ለስሟ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ተስፋ ቆርጠው ከወረዱ፣ ውኃው ዘግይቶ ቢመጣ መንገድ ላይ ወይም ቤታቸው ሲገቡ ያገኛቸዋል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዩን እያየች ለመነች፤ መንገደኛውን ይሁን መልአኩን እንደ ለመነች እሷም አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች ጓዛቸውን አሰሩ። «አንግሠናል፣ በልተናል። ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን? ቤት ለበዓል ይለቀለቃል» አሉ። ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ በሁለት ቋጥኞች መካከል የሚሾልክ ጠባብ ነው። ሄራን ቀድማ ልትሮጥ ስትል ናታን ተነሣ። በሩን በትከሻው አደረገ፣ ቀድሟቸው ወረደ፣ በቋጥኞቹ መካከል ገጥሞ አቆመውና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«አያ ናታን፣ ምን ማለት ነው ይኸ?»

«ንግሡ አላለቀም።»

«ታቦቱ ገብቷል እኮ!»

«እድሩ አላበቃም አለ። ዳኛው እኔ ነኝ። ማለፍ የፈለገ ያንኳኳ።»

ከጎልማሶቹ አንዱ፣ ምናልባት ለቀልድ፣ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። «ማነው?» አለ ናታን። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ሳያባራ ከወደ ጉና ተራራ በኩል አንድ ጉርምርምታ መጣ። ዞሩ። የተራራው አናት የለም። ደመናው ከበስተ ጀርባው ተነሥቶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ማንም ቀና ብሎ ባላየበት በኩል እየተንከባለለ ይወርዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ የአንዲት ዶሮ ጀርባ ላይ ወደቀች። ዶሮዋ ተንጫጫች። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አውልቀው «ጸበል ነው! ልጆች፣ ውጡ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ መጀመሪያ እናቶቻቸውን አዩ፤ ሦስትና አራት ዓመት የሞላቸው ይህን አያውቁትም። አንዷ ሸሚዟን አውልቃ ሮጠች፤ ሌላው ተከተላት፤ ብዙም ሳይቆይ ጉብታው ራቁቱን በሚዘል ሕፃን ተሞላ። «ሩፋኤል፣ አሳድገኝ! ሩፋኤል፣ አሳድገኝ!» ሴቶች ሊጥ የያዘ ቡሃቃ አውጥተው ከዝናቡ ያስነኩ ጀመር። ናታን ኮቱን አውልቆ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ በካናቴራ ብቻ ልጆቹ መካከል ገባ። «አሳድገኝ!» እያለ ዘለለ።

«አያ ናታን፣ ከእንግዲህ ወዴት ነው የምታድገው?» ብላ ሄራን ጮኸችበት።

«ወደ ጎን!» አላት፣ ሆዱን እየመታ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ወረደ። ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል ሰው ወደ ጉብታው ጠርዝ ተጠጋ። ሜዳው የለም። ርብና ጉማራ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል፤ ውኃው ከቤቶቹ መስኮት ላይ ደርሷል፤ የገበያው ሰሌዳ አንገቱ ብቻ ብቅ ብሎ «ጳጉሜን ፫፦ ፀሐያማ» ይላል። የአንድ ቤት ግድግዳ ቀስ ብሎ ተንበርክኮ ሰጠመ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ፣ ስምንተኛውን ዶሮ በብብቷ እንደያዘች፣ «ይሂድ። እኔ እዚህ ነኝ» አለች። ሰዎች ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ አንዳቸው ሌላቸውን ቆጠሩ። የጎደለ አልነበረም። ሄራን እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

የእድሩ ስልክ ሲጮህ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ናታን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ከፈተው።

«የሩቅ ባሕሮች መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ነኝ» አለ የተጣደፈ ድምፅ። «የመስከረም ሦስቱ ማስጠንቀቂያ ወደ ጳጉሜን ሦስት ተሻሽሏል። ሦስቱም ፊርማ አሁን ተሟልቷል። ባስቸኳይ ሜዳውን ልቀቁ!»

ናታን ስልኩን ከድንኳኑ አውጥቶ ዝናቡ ሥር ዘረጋው። ቆርቆሮው ላይ የሚያንጓጓውን፣ ከሥር የሚያገሳውን ጎርፍ፣ የልጆቹን ጩኸት በደንብ አሰማው።

«ምንድን ነው ይኸ ድምፅ?» አለ ኃላፊው።

«ማስጠንቀቂያችሁ ነው። ደርሶናል።»

«ሰዉስ? ሰዉ የት ነው?»

«ጉብታው ላይ። ሰውም አልቀረ፣ ዶሮም አልቀረ።»

በስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው እፎይታ ተሰማ፤ ከመካከሉ ጎበዜ ይመስላል፣ አንዱ እልል አለ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ለመዝገቡ ያህል ነው የምጠይቅዎት… ማስጠንቀቂያው ሳይለወጥ፣ በማን ትእዛዝ ወጣችሁ?»

የእድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ገልጦ ለናታን አቀረበለት። መሪጌታ ፈገግ አሉ። ሄራን ከድንጋይዋ ላይ ሆና ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች። ናታን ጽሑፉን አየው፣ ወረቀቱን ዘጋው፣ ከፊቱ ላይ ዝናቡን በእጁ ጠረገ።

«ጻፍ» አለ። «ሄራን ውጡ አለችን፤ ወጣን። ግቡ ስትለን ደግሞ እንገባለን።»